ሠራተኛ ሥራ ላይ ክፉኛ ሲጎዳ፦ ለኦሻ መቼ፣ እንዴትና ለማን ሪፖርት ይደረጋል?

አሜሪካ ውስጥ ምግብ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ነዳጅ ማደያ፣ የጽዳት ድርጅት ወይም የጭነት መኪና ኖሮዎት ሰው የሚያሠሩ ከሆነ ይህ ግዴታ የእርስዎም ነው። ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ከሞተ በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ከታከመ፣ የአካል ክፍሉ ከተቆረጠ ወይም ዓይኑን ካጣ ደግሞ በ24 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ኦሻ ለሚባለው የፌዴራል የሥራ ደኅንነትና ጤና መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለብዎት። የደንቡ ቁጥር 1904.39 ነው። አሁን ባለው መልኩ ሥራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በአንድ አደጋ ቢያንስ 3 ሰው ሆስፒታል ካልተኛ ወይም ሰው ካልሞተ ሪፖርት አይጠየቅም ነበር። ሥራ ከጀመሩ የቆዩ ሰዎች ዛሬም «ለአንድ ሰው ማን ይደውላል?» የሚሉት ከዚያ በቀረ ልማድ ነው።

ግዴታው ሳይፈጸም የሚቀረው ብዙውን ጊዜ በክፋት አይደለም፤ «ሌላ ሰው ያሳውቃል» በሚል ግምት ነው። 911 ተደውሎ አምቡላንስና ፖሊስ መጥተዋል፣ ሆስፒታሉ ወረቀቱን ሞልቷል፣ ሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው ካሳ የሚከፍለው የወርከርስ ኮምፕ ኢንሹራንሱም ፋይል ከፍቷል። ከእነዚህ አንዱም ለኦሻ እንደ መንገር አይቆጠርም። ፖሊሱ በራሱ ፈቃድ ቢደውል እንኳ የእርስዎ ግዴታ ከላይዎ አይወርድም። በተለይ ኢንሹራንሱ ያዘናጋል፤ ወኪሉ «እኛ እንጨርሰዋለን» ሲል የሚጨርሰው የካሳውን ጉዳይ ነው። የካሳው ወረቀት በብዙ ግዛት የሚቆጠረው በቀናት ሲሆን የኦሻው የሚቆጠረው በሰዓታት ነው።

«እኛ እኮ 4 ሰው ብቻ ነን»

ኦሻን በተመለከተ ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች አሉ፤ ሰው የሚያደባልቃቸውም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው የጉዳት መዝገብ መያዝ ነው፤ ቅጽ 300፣ 300ኤ እና 301 የሚባሉትን። ከዚህኛው ባለፈው የቀን መቁጠሪያ ዓመት ውስጥ ከ10 በላይ ሠራተኛ ኖሮት የማያውቅ ድርጅት ነፃ ነው። ምግብ ቤቶችና ነዳጅ ማደያዎችም የሠራተኛ ቁጥራቸው ምንም ያህል ቢሆን አነስተኛ አደጋ አለባቸው ተብለው ስለተመደቡ፣ በጽሑፍ ካልታዘዙ በቀር መዝገብ አይይዙም። ሁለተኛው ከባድ ጉዳትን ሪፖርት ማድረግ ነው። ከዚህ ነፃ የሚያደርግ ትንሽነት የለም፤ አንድ ሠራተኛ ያለው ሱቅም ይደውላል። «አካውንታንቴ ከኦሻ ነፃ ናችሁ ብሎኛል» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አካውንታንቱ ያወራው ስለ መዝገቡ ነው።

ሠራተኛ ሳይቀጥር ብቻውን የሚሠራ ሰው በሕጉ አይካተትም። ነገር ግን «በ1099 (ለተቋራጭ በሚሰጠው የታክስ ቅጽ) ነው የምከፍለው» ማለት ብቻውን ሠራተኛውን ተቋራጭ አያደርገውም። መቼ እንደሚገባ፣ በምን ዕቃ እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚሠራ የሚያዘው እርስዎ ከሆኑ እንደ አሠሪ የመቆጠርዎ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ከኤጀንሲ በጊዜያዊነት የመጣ ሰው ሲጎዳ ሪፖርት የሚያደርገው ደመወዝ ከፋዩ ሳይሆን በየዕለቱ ሥራውን የሚያሠራውና የሚቆጣጠረው ነው። የጽዳት ድርጅቶች ይህን ከኤጀንሲው ጋር ቀድመው በጽሑፍ ቢነጋገሩበት ይሻላል፤ አደጋ በደረሰበት ሌሊት ሁለቱም «እናንተ ናችሁ» ሲባባሉ ሰዓቱ ይሮጣል።

ምን ሲደርስ ነው የሚደወለው?

ሞት ግልጽ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ግን ማብራሪያ ይፈልጋሉ።

ሆስፒታል መተኛት። አማርኛችን እዚህ ላይ ያሳስተናል። «ሆስፒታል ተኝቷል» ስንል ኢመርጀንሲ አልጋ ላይ ግሉኮስ ተደርጎለት ያደረውንም፣ በወጉ አልጋ የያዘውንም እኩል እንጠራዋለን። ደንቡ የሚለው ለሕክምና ወይም ለእንክብካቤ በተኝቶ ታካሚነት በመደበኛ መንገድ መመዝገብን ነው። ኢመርጀንሲ ታክሞ የተመለሰ፣ ለክትትል ብቻ ያደረ ወይም ለምርመራ ብቻ የገባ ሰው አይቆጠርም። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ «ተኛ ወይ?» ሳይሆን «ለሕክምና አስገቡት ወይስ ለክትትል ነው ያቆዩት?» የሚለው ነው። ሆስፒታሉ የሕመምተኛውን መረጃ ለአሠሪ በስልክ አይሰጥም፤ የሚያውቀው ራሱ ወይም ቤተሰቡ ነው።

መቆረጥ። ሙሉ ጣት መሄድ የለበትም። የጣት ጫፍ አጥንት ሳይነካ ቢቆረጥም መቆረጥ ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይለይ በከፊል የተቆረጠም፣ ሐኪም መልሶ የሰፋውም፣ ጉዳቱ የማይድን ሆኖ በቀዶ ሕክምና የተወገደውም ይቆጠራል። «መልሰው ሰፍተውለታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ስልኩን መተው ስሕተት ነው። በአንጻሩ የቆዳ መገሸለጥ፣ የጆሮ መቆረጥ፣ የራስ ቆዳ መገፈፍ፣ የጥርስ መሰበር በዚህ ደንብ መቆረጥ አይባሉም። ሰውየው በእነሱ ሳቢያ ሆስፒታል ከተኛ ግን በሌላኛው በር ይገባሉ።

ዓይን። የሚቆጠረው ዓይኑ ራሱ ሲወጣ ነው። ማየት ማቆሙ ብቻ በዚህ ሥር አይገባም፤ ሆስፒታል ካስተኛው ግን ይደወላል።

ጉዳቱ «የሥራ» የሚባለው ሥራው ሲያመጣው፣ ሲያግዘው ወይም ነባሩን ሕመም ጉልህ በሆነ ሁኔታ ሲያባብሰው ነው። ማሽን ብቻ አይደለም። ማደያው ተዘርፎ ገንዘብ ተቀባዩ ቢመታ የሥራ ጉዳት ነው። ሥራ ላይ ልቡ ቆሞ የሞተ ሰውስ? ሞቱ ከሥራው ጋር በተያያዘ ነገር የመጣ ከሆነ ሪፖርት ይደረጋል፤ ይመርመር አይመርመር የሚለውን የሚወስነው የአካባቢው የኦሻ ኃላፊ ነው። በሐምሌ ሙቀት ጣራ ላይ ሲሠራ የወደቀን ሰው «ድሮም ልብ ሕመም ነበረበት» ብሎ ማለፍ አደገኛ ግምት ነው። መደወል ጥፋትን ማመን አይደለም፤ ሕጉም እንደዚያ አይቆጥረውም።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ሁለት ሰዓቶች እንዳሉ ያስቡ። የመጀመሪያው በአደጋውና በውጤቱ መካከል ያለው ነው። ሞት ሪፖርት የሚደረገው አደጋው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ከሆነ ነው። መተኛት፣ መቆረጥና ዓይን ማጣት ደግሞ አደጋው በደረሰ በ24 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከሆኑ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሰዓት ውጤቱ ከደረሰ በኋላ ለመደወል የተሰጠዎት 8 ወይም 24 ሰዓት ነው። ሳያውቁ ከቀሩ መቆጠር የሚጀምረው ለእርስዎ ወይም ለወኪልዎ ከተነገረበት ደቂቃ ነው። ወኪል የሚባለው ጠበቃ አይደለም፤ ማናጀሩ፣ ሱፐርቫይዘሩ፣ የሺፍቱ ኃላፊ ነው።

በምሳሌ እንየው። ዓርብ በ5 ፒ.ኤም. ወጥ ቤት ውስጥ የፈላ ዘይት እግሩ ላይ የተደፋበት ሠራተኛ ኢመርጀንሲ ሄዶ ሌሊቱን ለክትትል ያድራል። እስከዚህ የሚደወል ነገር የለም። ቅዳሜ በ10 ኤ.ኤም. ሐኪሞቹ ቆዳ መለጠፍ ያስፈልገዋል ብለው አልጋ ያስይዙታል። ከአደጋው 17 ሰዓት ስለሆነው ሪፖርት ይደረጋል። የወጥ ቤቱ ሱፐርቫይዘር እኩለ ቀን ላይ ሊጠይቀው ሄዶ ከሚስቱ ይሰማል፤ ለባለቤቱ ግን «እሑድ እነግረዋለሁ» ብሎ ያቆየዋል። ባለቤቱ እሑድ በ11 ኤ.ኤም. ከቅዳሴ መልስ ሲሰማ እስከ ሰኞ ጊዜ ያለው ይመስለዋል። የለውም። ሱፐርቫይዘሩ ቅዳሜ እኩለ ቀን ሲያውቅ ድርጅቱ አውቋል፤ ስለዚህ የቀረው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሰውየው አልጋ የያዘው ቅዳሜ በ8 ፒ.ኤም. ቢሆን ኖሮ ከአደጋው 27 ሰዓት ያለፈ በመሆኑ በፌዴራሉ ደንብ መደወል አያስፈልግም ነበር።

ሌላም አለ። መሰላል ላይ የወደቀ ሠራተኛ ማርች 1 አልጋ ይዞ ሪፖርት አድርገዋል እንበል። ማርች 20 ቢሞት ሞቱን እንደገና በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያሳውቃሉ። የፊተኛው ሪፖርት ለኋለኛው አይበቃም።

ቅዳሜና እሑድ፣ ሌሊት፣ የምስጋና ቀንም ይቆጠራል። የእኛን ሰው ብቻ የሚያጋጥም ነገር ደግሞ የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። ሱፐርቫይዘሩ በማስታወሻው «በ2 ሰዓት ተጎዳ» ብሎ ይጽፋል፤ ጠዋት ነው ማለቱ፣ 8 ኤ.ኤም.። ቅጹን የሚሞላው ልጅ 2:00 ኤ.ኤም. ብሎ ያስገባዋል። የአምቡላንሱ መዝገብ 8:20 ይላል። ተቆጣጣሪው ሁለቱን ሲያስተያይ የተጎዳ ሰው ከ6 ሰዓት በላይ ሳይታከም የቆየ ይመስላል። በድርጅቱ ወረቀት ላይ ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር፣ ኤ.ኤም. ወይም ፒ.ኤም. ተጨምሮበት እንዲጻፍ ከዛሬ ጀምሮ ይዘዙ።

የመጀመሪያው ሰዓት

አደጋው ሲደርስ ኦሻ አይቀድምም፤ ሰውየው ይቀድማል። ማሽኑን ያጥፉና ከሶኬቱ ይንቀሉ፣ 911 ይደውሉ፣ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይያዙ። የተቆረጠ ጣት ከተገኘ በረጠበ ንጹሕ ጋዝ ተጠቅልሎ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ከረጢቱ በረዶ ላይ ይቀመጣል። ጣቱን በቀጥታ በረዶ ውስጥ መክተት ሥጋውን ስለሚጎዳው መልሶ የመስፋቱን ዕድል ያበላሻል።

ከተጎዳው ጋር አንድ ሰው ይላኩ። ይህ ሰው ለማጽናናት ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ሰዓቱን የሚከታተለውም እሱ ነው። ስልኩ ቻርጅ ያለው ይሁን። አልጋ ከያዘ በስንት ሰዓት እንደያዘ፣ የተቆረጠ ነገር ካለ ምን እንደሆነ፣ የሐኪሙን ቃል ሰምቶ ወዲያው እንዲደውል ይንገሩት። ቤተሰቡን በአክብሮት ይጠይቅ፤ የሕክምና ወረቀት ፎቶ እንዲያነሣ ግን አይላኩት።

ቦታውን አያጽዱ። የእኛ ሰው ደም ሲያይ መጀመሪያ የሚያነሣው መወልወያ ነው። ሰው ለማዳን ወይም ሌላ አደጋ ለመከላከል ካልሆነ በቀር ዕቃው ባለበት ይቆይ። የሥጋ መፍጫ ከሆነ ማብሪያና ማጥፊያው የት ላይ እንደነበረ፣ አፉ ላይ ያለው መከላከያ ተገጥሞ እንደነበር ወይም ተወልቆ ጠረጴዛ ላይ እንደነበር፣ ሥጋ መግፊያው የት እንደወደቀ በፎቶ ያንሡ፤ ከሩቅም ከቅርብም። ለሽያጭ የሚቸኩል ምግብ ቤት ማሽኑን በግማሽ ሰዓት አጥቦ ሥራ ያስጀምረዋል፤ ሁለት ቀን ቆይቶ «መከላከያው ነበረ» ሲል የሚያሳየው ነገር የለውም።

ያዩትን ሰዎች ለየብቻ ያነጋግሩ፤ ያዩትን ብቻ፣ በሚችሉት ቋንቋ ይጻፉ። ስፓኒሽ የሚናገረው ዕቃ አጣቢ በስፓኒሽ ይጻፍ፤ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል።

ስልኩ

ሦስት መንገድ አለ፦ ለአደጋው ቦታ ቅርብ ወደሆነው የኦሻ ቢሮ መደወል ወይም በአካል መሄድ፣ በ1-800-321-6742 መደወል፣ ወይም በኦሻ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ቅጽ መሙላት። የ800 ቁጥሩ ቀንና ሌሊት ይሠራል። የአካባቢው ቢሮ ዝግ ከሆነ መልእክት መተው፣ ኢሜይል ወይም ፋክስ መላክ ሪፖርት አይባልም። ቅዳሜ ማታ የመልእክት ሳጥን ላይ ተናግሮ ተኝቶ ያደረ አሠሪ ሰኞ ሲነቃ አላሳወቀም።

ከመደወልዎ በፊት እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ የድርጅቱ ስም፣ አደጋው የደረሰበት አድራሻ፣ ቀንና ሰዓቱ፣ ከአራቱ (ሞት፣ መተኛት፣ መቆረጥ፣ ዓይን) የትኛው እንደሆነ፣ ስንት ሠራተኛ እንደተጎዳ፣ የተጎዱት ስም፣ የሚያነጋግሩት ሰው ስምና ስልክ፣ አጭር መግለጫ። ደንቡ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። አንዱ ቢጎድል እንኳ ሰዓቱ ከሚያልፍ ያለዎትን ይዘው ይደውሉ፤ የቀረውን ሲያገኙ ይጨምራሉ። ምርመራ ጨርሼ፣ ጠበቃ አማክሬ፣ ኢንሹራንሱን ጠይቄ እያሉ ማቆየት ከሁሉም የበዛው ስሕተት ነው።

መግለጫው የታየውን ብቻ ይናገር። ለምሳሌ፦

«ሠራተኛው በኤሌክትሪክ የሥጋ መፍጫ ሥጋ ሲፈጭ ቀኝ እጁ ወደ ማሽኑ አፍ ገብቶ የሌባ ጣቱ ጫፍ ተቆርጧል። በአምቡላንስ ሆስፒታል ተወስዷል። ማሽኑ ቆሞ ከሶኬት ተነቅሏል።»

ይኸው ነው። «ባለመጠንቀቁ»፣ «ብነግረውም አልሰማኝም»፣ «መከላከያውን እሱ ነው የፈታው» የሚሉት እዚህ ቦታ የላቸውም። ያላጣሩትን ምክንያት ከተናገሩ በኋላ ማስተካከል ይከብዳል፤ ምርመራው ሌላ ካሳየ ደግሞ የሸሸጉ ይመስላል። በሌላ በኩል ሆን ብሎ ሐሰት መናገር በሕጉ እስከ 10,000 ዶላርና እስከ 6 ወር እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎት ከሆነ የተሻለ የሚናገር ሰው አጠገብዎ ይቀመጥ፤ ልጅዎ ሲተረጉም «ሰርጀሪ» እና «ስቲች» ተቀላቅለው የተሳሳተ ነገር እንዳይመዘገብ ቃሉን ቀድመው ያስማሙ።

ስልኩን ሲዘጉ የተቀበለዎትን ሰው ስም፣ ሰዓቱን፣ ቁጥር ከሰጡዎት ቁጥሩን ይጻፉ። በድረ ገጹ ከሆነ ማረጋገጫውን አትመው ያስቀምጡ። ደውዬ ነበር ለማለት ማስረጃዎ ይህ ብቻ ነው።

የማይደወልባቸው

በሕዝብ መንገድ ላይ የደረሰ የመኪና አደጋ ለኦሻ ሪፖርት አይደረግም፤ የመንገድ ግንባታ ክልል ውስጥ ከሆነ ግን ይደረጋል። በአውሮፕላን፣ በባቡር፣ በአውቶቡስ ሲሄድ የተጎዳም እንደዚሁ ይቀራል። መዝገብ የመያዝ ግዴታ ካለብዎት ግን ሁለቱም መዝገብ ላይ ይገባሉ።

የጭነት መኪና ያላችሁ እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ሾፌሩ ሃይዌይ ላይ ተጋጭቶ ቢተኛ ለኦሻ አይደወልም። መጋዘን ደርሶ ከተሳቢው ላይ ሲወርድ ወድቆ ዳሌው ቢሰበርና አልጋ ቢይዝ ይደወላል። ለሃይዌዩ አደጋም ቢሆን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የራሱ ደንብ አለው። አደጋው ሾፌሩን መመርመርን የሚያስገድድ ዓይነት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሰው ከሞተበት፣ የአልኮል ምርመራው በ8 ሰዓት፣ የዕፅ ምርመራው በ32 ሰዓት ጊዜ ውስጥ መደረግ አለበት። የአደጋ መዝገቡም 3 ዓመት ይቀመጣል።

የየትኛው ግዛት ደንብ?

21 ግዛቶችና ፖርቶ ሪኮ የግል ድርጅቶችን የሚቆጣጠር የራሳቸው ፕላን፣ ማለትም በፌዴራሉ ኦሻ ፈንታ የሚሠራ የራሳቸው ደንብና መሥሪያ ቤት፣ አላቸው። ወሳኙ የቢሮዎ አድራሻ ሳይሆን አደጋው የደረሰበት ቦታ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ የተመዘገበ የጽዳት ድርጅት ሠራተኛው አርሊንግተን ውስጥ ከተጎዳ ጉዳዩ የቨርጂንያ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ የሜሪላንድ። በዲሲ፣ በአትላንታ፣ በዳላስ፣ በዴንቨርና በኮለምበስ ያሉ የግል ድርጅቶች በፌዴራሉ ኦሻ ሥር ናቸው። ቨርጂንያ ቮሽ፣ ሜሪላንድ ሞሽ፣ ሚኒሶታም የየራሳቸው መሥሪያ ቤት ቢኖራቸውም 8 እና 24 ሰዓቱ ያው ነው። ኔቫዳም የራሷ አላት፤ ላስ ቬጋስ ያሉ አሠሪዎች የግዛቲቱን ደንብ ይዩ።

ጠበቅ ካሉት ግዛቶች ሁለቱን እንጥቀስ። ሲያትል ያላችሁ፣ ማለትም ዋሽንግተን ግዛት፣ ሆስፒታል መተኛትም እንደ ሞት በ8 ሰዓት ነው፤ ስልኩ 1-800-423-7233። እዚያ ዕቃውን ያለ ፈቃድ ማንቀሳቀስም በደንብ የተከለከለ ነው፤ ሰው ለማውጣት ወይም ተጨማሪ አደጋ ለመከላከል ካልሆነ። ካሊፎርኒያ ደግሞ «ወዲያውኑ» ይላል፤ ቢበዛ 8 ሰዓት። መልክን የሚያበላሽ ከባድ ዘላቂ ጉዳትንም ይጨምራል። ሰዓቱ የሚቆጠረውም ካወቁበት ብቻ ሳይሆን ቢያጣሩ ኖሮ ማወቅ ይችሉ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ ያለ ምግብ ቤት «ማንም አልነገረኝም» ቢል አይሰማለትም። እዚያ ያላሳወቀ አሠሪ ቅጣቱ ከ5,000 ዶላር አያንስም።

ከደወሉ በኋላ

ሰው ከሞተ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ሆስፒታል ከተኛ ወይም የተጎዳው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ይጠብቁ። (ሥጋ መቁረጫና መፍጫ ማሽን ላይ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ማሠራት በራሱ የተከለከለ ነው፤ የዘመድ ልጅ በክረምት ዕረፍቱ ሊያግዝ ቢመጣም።) ከዚህ ውጭ ብዙውን ጊዜ የሚደርስዎት ደብዳቤ ነው፦ አደጋውን ራስዎ መርምሩ፣ ለምን እንደደረሰና ምን እንዳስተካከሉ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መልሱ የሚል።

ይህ ደብዳቤ ዕድል ነው፤ ሰው ግን እንደ ቅጣት ያየውና በሁለት መስመር ይመልሰዋል። «ሠራተኛው እንዲጠነቀቅ ተነግሮታል» የሚል መልስ ተቆጣጣሪን በር ድረስ የሚጠራ መልስ ነው። ጥያቄውን ወደ ውስጥ ይግፉት። በሥጋ መፍጫው ምሳሌ፣ እጁ ለምን ገባ? በመግፊያው አልተጠቀመም። ለምን? መግፊያው ከተሰበረ ሰንብቷል። ለምን አልተተካም? መሰበሩን የሚመዘግብ ሰው አልነበረም። አሁን መልሱ ይታያል፦ አዲስ መግፊያ የተገዛበት ደረሰኝ፣ የተገጠመው መከላከያ ፎቶ፣ በየጠዋቱ ማሽኑን አይቶ የሚፈርም ሰው፣ የሥልጠና ወረቀት ከነፊርማው። ሥልጠናው ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ መሰጠቱን ኦሻ ይጠይቃል። አማርኛ ብቻ ለሚችል ሰው የእንግሊዝኛ ወረቀት አስፈርሞ ማስቀመጥ ሥልጠና አይባልም።

ተቆጣጣሪ ከመጣ መታወቂያውን ይጠይቁ፣ አብረው ይዙሩ፤ ፎቶ ሲያነሣ እርስዎም ያንኑ ያንሡ። ሠራተኞችን ለብቻቸው ማነጋገር ይችላል። ጥፋት ካገኘ ክሱን የሚያወጣው ጥፋቱ በተፈጸመ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ እርስዎ ለመቃወም ያለዎት ጊዜ ከደረሰዎት ጀምሮ 15 የሥራ ቀን ነው። ፖስታውን ሳይከፍቱ ካቆዩት ይህ መብት ያልፋል። በ2025 በተስተካከለው መጠን የአንድ ጥፋት ቅጣት እስከ 16,550 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ወይም ተደጋግሞ ከተፈጸመ እስከ 165,514 ዶላር ይደርሳል። አለማሳወቅ ራሱን ችሎ አንድ ጥፋት ነው፤ ማሽኑ ምንም ጉድለት ባይገኝበትም።

መዝገብ የሚይዝ ድርጅት ጉዳቱን ባወቀ በ7 ቀን ውስጥ ቅጽ 300 እና 301 ላይ ያሰፍራል። የዓመቱን ማጠቃለያ 300ኤ ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 ሠራተኛ በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ወረቀቶቹን 5 ዓመት ያቆያል።

አንድ ነገር ስለ ተጎዳው ሰው። የተናገረን ሠራተኛ ማባረር፣ ሰዓት መቀነስ፣ «ለኦሻ ብትናገር ወረቀትህ ይበላሻል» ብሎ ማስፈራራት ሕግ መጣስ ነው፤ ሠራተኛው በ30 ቀን ውስጥ ለኦሻ ማመልከት ይችላል። በዘመድ አዝማድ በሚሠራባቸው ቤቶች ማስፈራሪያው በሽምግልና መልክ ይመጣል፦ «እኛው እናሳክምሃለን፣ ነገር አታብዛ»። የሕክምናውን ወጪ ከኪስ መክፈል የማሳወቅን ግዴታ አያስቀርም። ሰውየው ጥያቄ የለኝም ብሎ ቢፈርምም አያስቀርም።

ለነገ የሚቀር ነገር ባይኖር ጥሩ ነው፤ አንድ ወረቀት ዛሬ አዘጋጅተው ከስልኩ አጠገብ ይለጥፉ። ከላይ 1-800-321-6742 ወይም የግዛትዎ ቁጥር፣ ከሥሩ «ሞት 8፣ አልጋ መያዝ/መቆረጥ/ዓይን 24» (ሲያትልና ካሊፎርኒያ ያላችሁ የራሳችሁን አስተካክላችሁ)፣ ከዚያ ስምንቱ መረጃዎች ከነባዶ መስመራቸው። የድርጅቱን ስምና አድራሻ አሁኑኑ ይሙሉት። ከታች ሌሊትም ቢሆን የሚደወልላቸው የሁለት ሰዎች ስልክ ይኑር። አንደኛው ባያነሣ ሁለተኛው ባለቤቱን ሳይጠብቅ ራሱ ለኦሻ እንዲደውል ፈቃድ እንዳለው ይጻፍበት።